የሊስተር ሞተርዎን ለእንፋሎት ትርዒት ሲያዘጋጁ

በእንግሊዝ ገጠር የበጋው ወራት ሲገባ ሰፋፊ የእርሻ ሜዳዎች የእንፋሎት ትርዒት ይካሄድባቸዋል። ሕዝቡ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ግዙፎቹ የእንፋሎት ትራክተሮች ነው፤ ጭሳቸውም ፉጨታቸውም ከሩቅ ይጣራል። ከእነሱ አለፍ ሲሉ፣ ብዙ ጊዜ በሜዳው ዳር፣ በገመድ የታጠረ ረጅም ረድፍ ያገኛሉ። እዚያ የተደረደሩት ባሉበት ተተክለው ውሃ ሲስቡ፣ እህል ሲፈጩ፣ የላም ማለቢያና የበግ መሸለቻ ሲያዞሩ የኖሩ ትናንሽ የቤንዚንና የናፍጣ ሞተሮች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ አንዱን ገዝተው፣ አስነስተው፣ በዚያ ረድፍ ውስጥ ለማቆም ለሚያስቡ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእንፋሎት ትርዒት ልማድ እንዲህ የተስፋፋው ከ1950 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በአፕልፎርድ መንደር አርተር ናፐር የተባለ ገበሬ በአንድ አነስተኛ በርሜል ቢራ ተወራርዶ የእንፋሎት ትራክተሩን ከሌላ ሰው ትራክተር ጋር አሽቀዳደመ። ወሬው ተዛመተ፤ ለቁራጭ ብረት ሊሸጡ የነበሩ ብዙ ማሽኖችም ተፈላጊ ሆኑ። ትናንሾቹ ሞተሮች ወደ ሜዳው የገቡት የትልልቆቹን ፈለግ ተከትለው ነው፤ ደግሞም ይገባቸዋል። ትልቁን የእንፋሎት ትራክተር ብዙ ገበሬ እየተከራየ ያሠራው ነበር እንጂ የራሱ አልነበረም፤ ትንሿ ሞተር ግን በየእርሻው ግቢ ነበረች።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ አንድ ነገር አለ፦ ሞተሩን ሥራ ያሲዙት። ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ቢያዩ አብዛኛው ሞተር በባዶው ሲዞር ይውላል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ተመልካቹም ለአፍታ አይቶ ያልፋል። አንዱ ግን በቺንጋ ፓምፕ እያዞረ ውሃ ሲተፋ ካገኘ ሰው ይከበዋል፣ ልጆች ይጠይቃሉ፣ አረጋውያን የአባታቸውን እርሻ ያነሳሉ። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ወደዚህ የሚያደርስ ነው።

የመጀመሪያውን ሞተር መምረጥ

ለጀማሪ የምመርጥለት የሊስተር ዲ ሞተርን ነው። ሊስተር በግሎስተርሺር በምትገኘው የደርስሊ ከተማ በ1867 በሮበርት አሽተን ሊስተር የተመሠረተ ፋብሪካ ነው። የዲ ሞተር በ1926 ወጥቶ እስከ 1960ዎቹ ተሠርቷል፤ ቁጥሩም ወደ ሩብ ሚሊዮን ይጠጋል። ስለዚህ ዛሬም ሞተሩም መለዋወጫውም አይጠፋም፤ የሚያውቀው ሰውም በየትርዒቱ አለ። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ አራት ምት፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሲሆን በደቂቃ 700 ጊዜ እየዞረ 1.5 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ለመፍታት ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም።

በሶመርሴት የዮቪል ከተማ የተሠራው ፔተር ኤምም ለጀማሪ መጥፎ አይደለም። ለተመልካች እጅግ የሚማርከው ግን በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት የዋተርሉ ከተማ እየተሠራ ወደ ብሪታንያ ይገባ የነበረው አማንኮ ነው። ይህ ሞተር ፍጥነቱን የሚቆጣጠርበት መንገድ በዓይን ይታያል። ፍጥነቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ መቆጣጠሪያው የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ከፍቶ ይይዘዋል፤ ሲሊንደሩ ነዳጅ መሳቡን ያቆማል፣ ከባዱ መንኮራኩር፣ ቮላኖው፣ በራሱ ጉልበት ብቻ ይዞራል፣ ሲደክም ቫልቩ ይለቀቅና ሞተሩ እንደገና አንዴ ይተኩሳል። አንድ ተኩስ፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ሌላ ተኩስ ይሰማሉ። ጭነት ሲጨመርበት ተኩሱ ይበዛል፤ ሥራው ምን ያህል እንደከበደው በጆሮ ይታወቃል። ሊስተር ዲ እንዲህ አይደለም፤ ጭነቱ ሲለዋወጥ ነዳጁን ያበዛል ወይም ያሳንሳል እንጂ ተኩሱን አይዘልም።

የናፍጣ ሞተር የሚወዱ ከሆነ ደርስሊ ከ1930 ገደማ ጀምሮ የሠራችው ባለ አንድ ሲሊንደሩ ሊስተር ሲኤስ አለ። ባለ 5 የፈረስ ጉልበቱ በደቂቃ 600 ጊዜ ይዞር ነበር። ቅጂዎቹ በሕንድ የራጅኮት ከተማ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተመርተዋል። የወፍጮ ቤት ሞተር ከሩቅ እየተሰማው ያደገ ሰው በዚህ ሞተር አጠገብ ሳይቆም ማለፍ ይከብደዋል። ሆኖም ቮላኖዎቹ ከባድ ናቸው፣ ማጓጓዙም በተጎታች ጋሪ ነው፤ ልምድ ካካበቱ በኋላ ይሂዱበት።

ሊገዙ ሲሄዱ በመጀመሪያ የሚፈትሹት የውሃውን ቋት ነው። ውሃው ሳይወጣለት ክረምቱን የቆየ ሞተር በበረዶ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ሲረጋ ይሰፋልና ብረቱን ይከፍለዋል። በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ ስላለ በጣትዎ እየዳሰሱ፣ በባትሪ እያበሩ ይዩ። ቀጥሎ ቮላኖውን ለማዞር ይሞክሩ። ነክሶ አልዞር ቢልም አይተዉት፤ የነከሰ ሞተር ይፈታል፤ ዋጋው ግን ያንን ማሳየት አለበት። የካንዴላውን ብልጭታ የሚያመነጨው ማግኔቶ መኖሩንና በፋብሪካው የተለጠፈው የናስ ሰሌዳ በቦታው መሆኑን ያረጋግጡ። ሰሌዳው ላይ የተከታታይ ቁጥሩ፣ ፍጥነቱና ጉልበቱ ተጽፈዋል፤ የተሠራበትን ጊዜ የሚያውቁት በዚያ ነው። ሰሌዳው የሌለው ሞተር ታሪኩን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የነከሰውን ማላቀቅ፣ ያደፈውን ማጽዳት

ካንዴላውን ይፍቱና በቀዳዳው ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ያስገቡ፤ ከዚያ ይጠብቁ። በየቀኑ ጥቂት እየጨመሩ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ቮላኖውን በግራና በቀኝ በቀስታ ያወዛውዙት፤ የፀጉር ያህል ከተነቃነቀ ሥራው ተጀምሯል። ፒስተኑን በመዶሻ አይምቱ። ቮላኖውንም በረጅም ብረት አያስገድዱ፤ ቮላኖው ከተሰበረ ምትክ ማግኘት ሞተሩን ከመግዛት ይብሳል።

ስለ ቀለም የማምነውን በግልጽ ልናገር። የድሮው ቀለም ካለ ይተዉት። ደርስሊ የቀባችው ጥቁር አረንጓዴ ቀለም፣ ነዳጅ ሲቀዳ የፈሰሰበት ሥፍራ፣ እጀታው የፈገፈገው ጎን፣ እነዚህ ሁሉ ሞተሩ የት እንደኖረ ይናገራሉ። አንዴ ተፍቆ አዲስ ከተቀባ በኋላ የሚመልሰው የለም። ቆሻሻውን በናፍጣና በብሩሽ ያጥቡ፣ ዝገቱን ያስወግዱ፣ በቀጭን ዘይት ያብሱት፤ ይበቃዋል። ቀለሙ አብዛኛው የረገፈ ከሆነ ግን መቀባቱ ብረቱን ያድነዋል። በዚያ ጊዜ የድሮው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በአሸዋ ወረቀት አይፈግፍጉት፤ አርጥበው ይሥሩ፣ ጭንብል ያድርጉ፣ ልጆች አጠገብዎ አይኑሩ። የድሮ ጓርኒሲዮንና በጭስ ማውጫ ላይ የተጠመጠመ ነጭ ጨርቅ አስቤስቶስ ሊሆኑ ይችላሉና ሳያረጥቡ አይላጡ።

የሞተሩን ሆድ ከፍተው ያለውን ዘይት ያውጡ። ከሥር የረጋ ጥቁር ጭቃ ያገኛሉ፤ እሱን ጠርገው ሳያወጡ አዲስ ዘይት አይጨምሩ። የሚስማማው ቁጥር 30 የሆነ ነጠላ ዘይት ነው። ሊስተር ዲ የዘይት ፓምፕ የለውም፤ ኮሎዶኮው በዞረ ቁጥር ከሥሩ ያለው ማንኪያ ዘይቱን እየረጨ ኩሽኔታዎቹንና ሲሊንደሩን ያርሳል። ስለዚህ የዘይቱ ልክ ሲያንስ ሞተሩ ወዲያው ይጎዳል፤ ሲበዛ ደግሞ ይጨሳል።

እሳቱና ነዳጁ

የማይነሳ ሞተር ብዙውን ጊዜ እሳት የለውም። ካንዴላውን ፍተው ከገመዱ ጋር ያያይዙት፣ አካሉን ነዳጅ ከሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ ያስደግፉና ቮላኖውን ያዙሩ። ሰማያዊ፣ ጠንካራ ብልጭታ ካዩ ደስ ይበልዎ። ካላዩ የማግኔቶውን ክዳን ከፍተው ፑንቲናውን ይመልከቱ፤ ለዓመታት የቆመ ፑንቲና ይሻግታል። በንጹሕ ወረቀት ደጋግመው ይጥረጉት፤ ክፍተቱንም 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ያድርጉት። የካንዴላው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ይበቃዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ብልጭታው ደካማ ከሆነ ጥቅልሉ ተበላሽቷልና ለማግኔቶ ጠጋኝ ይስጡት። ጠጋኞቹ ጥቂት ናቸው፣ ወረፋቸውም ረጅም ነው፤ ማግኔቶውን በመከር ወቅት ከላኩ ለሚቀጥለው በጋ ይደርስልዎታል።

ነዳጅ ላይ ዛሬ አዲስ ችግር አለ። በብሪታንያ ከ2021 ሴፕቴምበር ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ አሥር በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ነው። ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ የድሮ ጎማና ቡሽ ይበላል፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ ሲቆይ ዝቃጭ ይተዋል። ስለዚህ ኤታኖሉ አነስተኛ የሆነውን፣ ኢ5 ተብሎ የሚሸጠውን ከፍተኛ ቤንዚን ይግዙ፤ በቋቱም ውስጥ አያሳድሩት። የነዳጁን ቱቦ በአዲስ፣ ኤታኖል በሚችል ቱቦ ይለውጡ። ቤንዚን የሚይዙበት የፕላስቲክ ዕቃ ከ10 ሊትር፣ የብረቱም ከ20 ሊትር መብለጥ የለበትም፤ ሕጉ የወሰነው ነው።

ማስነሳት

መጀመሪያ በቤትዎ ግቢ፣ ከደጅ፣ ንፋስ በሚያገኘው ቦታ ያስነሱት። ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አይሆንም፤ የጭሱ መርዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። ሞተሩን በደልዳላ ቦታ ያቁሙ፤ በጋሪ ላይ ከሆነም ጎማዎቹን በእንጨት ይደግፉ። የውሃውን ቋት ይሙሉ፣ ዘይቱን ይዩ፣ ሁለቱም ቫልቮች በነጻነት እንደሚንቀሳቀሱ በእጅዎ ያረጋግጡ፤ ቆይቶ የተጣበቀ ቫልቭ የተለመደ ነው። ነጠላም ሆነ ስካርፍ ያውልቁ፣ የሸሚዝዎን እጅጌ ይጠቅልሉ።

አሁን የማስነሻው እጀታ። አውራ ጣትዎን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ያድርጉት እንጂ እጀታውን አይጠምጥሙበት። ሞተሩ ወደኋላ ሲመታ እጀታው ከመዳፍዎ ይወጣል፤ አውራ ጣት ከጠመጠመው ግን ይሰብረዋል። የነዳጁን ቧንቧ ይክፈቱ፣ የአየሩን መግቢያ ያጥብቡ፣ መጭመቅ እስኪጀምር በቀስታ ያዙሩ፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ በአንድ ጊዜ ይሳቡ። ወደታች እየገፉ አያዙሩ። ሲነሳ እጀታው ራሱ ተንሸራቶ መውጣት አለበት። ጫፉ ያረጀ እጀታ ኮሎዶኮው ላይ ተነክሶ አብሮ ሊዞርና ሊወረወር ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ይጣሉት፣ አዲስ ያሠሩ።

በ700 ዙር የሚሠራ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 350 ጊዜ ይተኩሳል፤ በሴኮንድ ወደ ስድስት ማለት ነው። ለትርዒት ከዚያ ዝቅ አድርጎ ማሠራት ያምራል፤ ተመልካቹ እያንዳንዱን ምት ይሰማል። ከተጻፈው በላይ ግን አያስኪዱት፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውንም አይፍቱ። ፍጥነቱ ካመለጠ የቮላኖው ብረት ሊፈነዳ ይችላል፤ ስብርባሪውም ሰው ይገድላል። ውሃው ሞቆ እንፋሎት ሲወጣ አይደንግጡ፤ የሚቀዘቅዘው በዚያ ነው። ውሃውን አስቀድመው በየጊዜው ይጨምሩ። ደርቆ ከጋለ ግን ሞተሩን ያጥፉና እስኪበርድ ይጠብቁ፤ በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ይሰነጥቀዋል።

ሥራውን ማዘጋጀት

ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው የውሃ ፓምፕ ነው። ሁለት በርሜል ወይም አንድ ሰፊ ገንዳ ያዘጋጁ፤ ፓምፑ ከአንዱ እየሳበ ወደ ሌላው ይትፋ፣ ውሃውም መልሶ ይውረድ። ውሃው ከፍ ካለ ቧንቧ ላይ ቢወርድ በሩቅ ይታያል። ከዚህ ሌላ የበቆሎ መፈልፈያ፣ የገለባ መቁረጫ ወይም አሮጌ ዲናሞ ማሠራት ይቻላል፤ ሁሉም ሞተሩ በዘመኑ የሠራቸው ሥራዎች ናቸው።

የፑሌጋውን መጠን ማስላት አለብዎ። የሞተሩን ዙር በሞተሩ ፑሌጋ ስፋት ያባዙና ማሽኑ ለሚፈልገው ዙር ያካፍሉት። ሞተሩ 700 ዙር ቢሆን፣ ፑሌጋው 10 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ፓምፑም 200 ዙር ቢፈልግ፣ የፓምፑ ፑሌጋ 35 ሳንቲሜትር መሆን አለበት ማለት ነው። ሁለቱ ፑሌጋዎች በአንድ መስመር ካልሆኑ ቺንጋው ይወጣል፤ በሲባጎ ለክተው ያስተካክሉ። ቺንጋውን በጣም አያወጥሩ፤ ኩሽኔታውን ይበላል። ሁለቱንም በእንጨት መሠረት ላይ በቡሎን አስረው ቢያመጧቸው ሜዳ ላይ ሲደርሱ እንደገና ከማስተካከል ይድናሉ። ቺንጋው የሚሮጥበትን ቦታ በወንፊት ብረት ይሸፍኑ፤ ተመልካቹ ያያል፣ እጁ ግን አይደርስም።

ሰሌዳው

አንዲት አነስተኛ ሰሌዳ ከሞተሩ ፊት ይቁም። ብዙዎች ስምና ዓመት ጽፈው ያበቃሉ። እርስዎ ሥራውን ይጻፉ፦ ማን ሠራው፣ የት፣ መቼ፣ ምን ሲያሠራ ነበር፣ አሁን ምን እየሠራ ነው። ለምሳሌ «ሊስተር ዲ፣ ደርስሊ፣ 1938። 1.5 የፈረስ ጉልበት። የላም ማለቢያ ያዞር ነበር። አሁን ውሃ እየሳበ ነው» ማለት ይበቃል። የማያውቁትን አይጻፉ፤ ዓመቱን ከተከታታይ ቁጥሩ ካላረጋገጡ ይተዉት። በእንግሊዝኛው ሥር በአማርኛ ቢጨምሩበትም መልካም ነው፤ በእነዚህ ሜዳዎች የኛ ሰው እየበዛ እንዲመጣ እመኛለሁና።

ምዝገባና የትርዒቱ ቀን

አዘጋጆቹ የትርዒት አቅራቢ (ኤግዚቢተር) ቅጽ የሚቀበሉት ከትርዒቱ ወራት ቀድመው ነው፤ ክረምቱ ሳያልቅ ይጻፉላቸው። ለሌላ ሰው ጉዳት የሚከፍል የኃላፊነት መድን ይጠየቃሉ። ይህን ለብቻ ከመግዛት በአካባቢዎ ያለ የሞተር ክለብ አባል መሆን ይረክሳል፤ ብዙ ክለቦች መድኑን ከአባልነቱ ጋር ይሰጣሉ፤ ምክር የሚሰጡ ሰዎችም የሚገኙት እዚያው ነው።

ሜዳው ላይ በማለዳ ይድረሱ። ገመዱ ከሞተሩ ቢያንስ ሁለት ሜትር ይራቅ፣ አዘጋጁ ሌላ ልክ ካለው እሱን ይከተሉ። የጭስ ማውጫው ወደ ጎረቤትዎ አይዙር። እሳት ማጥፊያ በእጅዎ ርቀት ላይ ይቀመጥ። ቤንዚን ሞተሩ ቆሞ ሳይበርድ አይቅዱ፤ የተረፈውንም ከተመልካች ዓይንና ከፀሐይ ያርቁት። የሚሠራ ሞተርን ለሻይ እንኳ ትተው አይሂዱ፤ መሄድ ግድ ከሆነ ያጥፉት።

ተመልካች ሲመጣ ይነሱና ያናግሩት። በወንበር ጀርባቸውን ሰጥተው የሚውሉ ባለሞተሮች አሉ፤ ያሳዝነኛል፤ ሰው ሊያይ የመጣው የሚያስረዳውን ነው። ለልጅ ከሆነ ከውሃው ይጀምሩ፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፣ ፓምፑን ማን እንደሚያዞረው፣ ቺንጋው ወደየት እንደሚሄድ በጣት እያሳዩ ወደ ሞተሩ ይመለሱ። በየሰዓቱ አንዴ ሞተሩን አጥፍተው እንደገና ያስነሱት፤ ሰው ሁሉ ከሚወደው ትዕይንት አንዱ ይህ ነው። አረጋዊ ሰው ቆሞ ሲያይ ካዩ ደግሞ እርስዎ ይጠይቁ። ይህን ሞተር በወጣትነቱ ያሠራ ሊሆን ይችላል፤ ሊቃጠል ሲል ምን እንደሚያደርጉ፣ በውርጭ እንዴት እንደሚያስነሱት የሚያውቀውን መጽሐፍ አይነግርዎትም። ማስታወሻ ደብተር ይያዙ።

ሲመሽ

ወደ ቤት ከመመለስዎ በፊት የነዳጁን ቧንቧ ዘግተው ሞተሩ በካርቡሬተሩ ያለውን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ ይተዉት። ሲበርድ ውሃውን ከታች ባለው ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ያውጡት፤ ቧንቧው በዝቃጭ ተደፍኖ ውሃ እንዳልቀረ በቀጭን ሽቦ ወግተው ያረጋግጡ። የነዳጁን ቋት ባዶ ያድርጉ። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምረው ቮላኖውን ሁለት ጊዜ ያህል ያዙሩ። በመጨረሻም መጭመቅ እስኪጀምር ያዙሩትና እዚያ ላይ ያቁሙት፤ በዚያ ጊዜ ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉ ስለሆኑ የክረምቱ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ አይገባም።